ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሦስት

እ.ኤ.አ. በ፲፯፻፺፮ ዓመት፣ የኅዳር ጭጋግ በዮርክሻየር ኮረብቶች መካከል በምትገኘው በሃግዴል ሸለቆ ላይ ወርዶ በጎቹን ከድንጋይ አጥሩ፣ የድንጋይ አጥሩንም ከሰማዩ ለመለየት ባስቸገረበት ማለዳ፣ ሽቦ ሳቢው ጆናስ ሆልሮይድ ደጁን ከፍቶ ወጣና እንደ ልማዱ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ደግፎ አየሩን አሸተተ፤ ሊዘንብ ሲል ትከሻው ከሰማዩ ቀድሞ ያውቅ ነበርና።

«ዛሬ ይዘንባል» አለ።

«በሃግዴል ዛሬ ይዘንባል ለማለት ትከሻ መሰበር አያስፈልግም» አለችው ሚስቱ ታቢታ ከውስጥ ሆና። «ይልቅ ኮትህን ልበስ። ጉባኤው እኩለ ቀን ላይ ነው።»

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ገጥሞ ነበር፤ ወታደር ያለ ካፖርት አይዘምትም፤ ካፖርት ያለ ሱፍ፣ ሱፍም ያለ ማበጠሪያ አይገኝም፤ የማበጠሪያው ጥርስ ደግሞ ሽቦ ነው። ስለዚህ ንጉሡም ሚኒስትሮቹም ስሟን ሰምተውት በማያውቁት በዚያች ሸለቆ፣ ከባሕር ማዶ በሚተኮስ መድፍ ምክንያት መዘውር ሲንቋቋ ይውል ነበር።

ሥራው ጫፉ የሾለ የብረት ዘንግ፣ ቀዳዳ በተበሳበት ወፍራም ብረት አሾልኮ፣ በጉጠት ነክሶ፣ በመዘውር መሳብ ነው፤ ሽቦው ከአንዱ ቀዳዳ ወደሚቀጥለው ጠባብ ቀዳዳ በተሻገረ ቁጥር ይቀጥናል፣ ይረዝማል። የሽቦ ቁጥር ማለትም ሌላ ነገር አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተሳበው አንድ፣ አሥር ጊዜ የተሳበው አሥር ይባላል። ታዲያ እያንዳንዱ ባለቤት ቀዳዳውን የሚበሳው በራሱ እጅና በራሱ ጉልበት ልክ ስለነበረ፣ የአንዱ ቤት አሥር ለሌላው ቤት ዘጠኝ ተኩል ነበር፤ ገዢው ሲጨቃጨቅ፣ ሻጩም የእናቱን ስም እየጠራ ሲምል ይውላሉ።

ልኩን ለማስታወስ ሁሉም ቤት መለኪያ ነበረው፤ የመዳፍ ስፋት ያህል ስስ የብረት ሰሌዳ፣ ጠርዙ በሞረድ እየተሰነጠቀ ጥርሱ የረገፈ አዛውንት ድድ የመሰለ፣ በየስንጥቁም ሥር ቁጥር የተመታበት። ሽቦውን ወደ ስንጥቁ ያስገቡታል፤ ገብቶ ካልተወዛወዘ ቁጥሩ ያ ነው። ይህ መለኪያ ከምድጃው አጠገብ በሚስማር ተሰቅሎ ይኖራል እንጂ ከቤት አይወጣም። የሃግዴል ሰው ለጎረቤቱ ፈረሱን ያውሳል፣ የእሑድ ጫማውን ያውሳል፣ አማቱንማ ደስ እያለው ያውሳል፤ መለኪያውን ግን አባቱ ከመቃብር ተነሥቶ ቢለምነው እንኳ አያውስም።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ የጆናስ ይወደድ ነበር። በተለይ «የሆልሮይድ አሥራ ሦስት» የሚባለው ሽቦ ለሻካራ ሱፍ ማበጠሪያ ታስቦ የተፈጠረ ይመስል ነበር፤ ሌላው ቤት አሥራ ሦስት ብሎ የሚሸጠው ቀጥኖ ይለመጣል፤ የጆናስ ግን ወፈር፣ ጠንከር ያለ ነው። በመለኪያው ላይ ለተመለከተ ሰው ነገሩ በዓይን ይታያል፤ ከአሥራ ሁለተኛው ወደ አሥራ ሦስተኛው ያለው እርከን ከሌሎቹ እርከኖች ሁሉ ያጠረ ነው። ለምን እንዳጠረ የሚያውቁ ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጆናስ፣ ታቢታ፣ የታቢታም ታናሽ ወንድም አብነር ሳትክሊፍ።

ከስምንት ዓመት በፊት አብነር በእህቱ ባል ቤት ሥራ ሲማር፣ አንድ ቀን ሽቦውን ከመዘውሩ ጋር በጥድፊያ አሰረና ልቡ በመንገዱ ላይ ከምታልፍ ልጃገረድ ጋር ሄደ። ሽቦው አመለጠ፤ የመዘውሩ ዱላ ተስፈንጥሮ ፊቱን ሊመታው ሲል ጆናስ ትከሻውን በመካከል አገባ። የአብነር ፊት ተረፈ፤ የጆናስ ትከሻ ተሰበረ። የጠገነው ወጌሻ በግና ሰው የማይለይ ስለነበረ አጥንቱ ገጠመ እንጂ አልተቃናም። ጆናስም ሰው ሲጠይቀው፣ የአማቹን ስም ላለማጉደፍ ብሎ፣ «እኔው ነኝ በጥድፊያ ያሰርኩት» እያለ መለሰ።

እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ ድረስ ሽቦው ወፍራም ስለሆነ ሁለት ሰው ይስበዋል፤ ከአሥራ ሦስት ጀምሮ ግን አንድ ሰው ለብቻው ነው። የተሰበረው ትከሻ ያችን የመጀመሪያዋን የብቻ ስበት አልቻላትም። ጆናስ ሞከረ፤ ደግሞ ሞከረ፤ በመጨረሻ ጥርሱን ነክሶ መብሻውን አነሣና አሥራ ሦስተኛዋን ቀዳዳ ከቀድሞዋ ትንሽ አሰፋት፤ ከእርሷ በኋላ ያሉትንም እንዲሁ አሸጋሸጋቸው። አዲስ መለኪያ አስፈለገ። እርሱ ሽቦውን ይስባል፤ ታቢታ ሰሌዳውን ይዛ ትቆማለች፤ አብነር ሽቦው ልክ እስኪገባ ድረስ ይሞርዳል፤ ጆናስ እጁን አንሥቶ መሞረድ አይችልም ነበርና። ያን ጊዜ አብነር የጆናስን የተሰበረ ትከሻ ስሞ፣ «ክንድህን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ክንዴ ክንድህ ነው» ብሎ አልቅሶ ነበር። ያለቀሰው ከልቡ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

አሁን ወደ ጉባኤው እንመለስ። የሃሊፋክስ ከተማ ማበጠሪያ ሠሪዎች በየቤቱ ቁጥር መለያየት ተሰላችተው፣ «ለሸለቆው ሁሉ አንድ መለኪያ ምረጡ፤ አለዚያ ሽቦ ከሌላ አገር እንገዛለን» ብለው አስታውቀዋል። መለኪያው የተመረጠለት ቤት የሸለቆው ራስ ይሆናል፤ ገዢ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው፤ ሌላው ቤት ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ በተመረጠው ልክ እንደ አዲስ ይበሳል፤ በየዓመቱም መለኪያውን ተሸክሞ እየሄደ ያስመረምራል።

ከሳምንት በፊት አብነር ጆናስን እንዲህ ብሎት ነበር፤

«ውሰድና አሳያቸው እንጂ! ያንተን የሚወዳደር የለም።»

«መለኪያ ከቤት አይወጣም። ከፈለጉ እዚህ ይምጡና ይዩት፤ ቢራም አቀርብላቸዋለሁ።»

«ቢራህን ቀምሰውታል። ለዚህ እኮ ነው የማይመጡት።»

ጆናስ ሳቀ። «አባቴ መለኪያውን ሳያወጣ ነው የሞተው።»

«ከዚህች ጎጆም ሳይወጡ ነው የሞቱት። ግን እሺ፤ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ የሚነገረውን እኔ እናገራለሁ። አለሁልህ አይደል?»

ጆናስ ደስ አለው፤ አብነር ምላሱ የተፈታ ሰው ነውና ጉባኤተኞቹን አግባብቶ ወደ ምድጃው እንደሚያመጣቸው ቆጠረ። ታቢታ ግን ድንች ትልጥ ነበርና ቀና አላለችም።

ጉባኤው በ«ጥቁሩ አውራ በግ» መጠጥ ቤት ተሰበሰበ። ሰብሳቢው የሙያው አንጋፋ ኤሊ ራምስደን ነበሩ፤ የመዶሻ ድምፅ አንድ ጆሯቸውን ስላደነቆረው፣ መስማት የማይፈልጉትን ነገር ሁሉ በዚያኛው በኩል የሚያስተናግዱ ብልህ ሽማግሌ።

«እንግዲህ መለኪያ ያለው ያውጣ» አሉ። «ሌላ ነገር ያለው ደግሞ በኪሱ ይያዝ፤ ሴቶች ከበሩ ላይ ቆመዋል።»

ከሳቁ በኋላ ሁለት ሰዎች መለኪያቸውን እያቅማሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቀጥሎ አብነር ተነሣ። ጆናስ አማቹ ስለ እርሱ ሊናገር መስሎት ጉሮሮውን ጠራርጎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አብነር ግን ከኮቱ ውስጥ ሞራ በተቀባ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ገለጠው፤ ሰሌዳ ነበር። አሥራ ሁለተኛውና አሥራ ሦስተኛው ስንጥቅ ልክ እንደ መንታ ልጆች ተመሳስለው ተቀምጠውበታል።

ጆናስ መጀመሪያ የተናደደው መለኪያው ከቤት በመውጣቱ ነበር፤ ከምድጃው አጠገብ የወሰደው መስሎት። ከዚያ ከቁጥሮቹ በላይ የተመታውን ስም አነበበ፤ «አ. ሳትክሊፍ» ይላል።

ራምስደን ከኪሳቸው አንድ ቁራጭ «የሆልሮይድ አሥራ ሦስት» ሽቦ አውጥተው አሥራ ሦስተኛው ስንጥቅ ውስጥ አስገቡት፤ አልተወዛወዘም።

«ይህማ የሆልሮይድ ነው» አሉ።

«የሆልሮይድ መለኪያ በሆልሮይድ ምድጃ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ጌታ ራምስደን። ሰው ልከው ማየት ይችላሉ» አለ አብነር በትሕትና። «ይህን የሞረድኩት እኔ ነኝ። ያንንም የሞረድኩት እኔው ነኝ። ጆናስ ወንድሜ፣ ዋሸሁ?»

ጆናስ ተነሣ። «እጅህ ሞርዶታል። ልኩን የሰጠሁህ ግን እኔ ነኝ! ሽቦውን እየሳብኩ፣ አንድ በአንድ!»

«ሽቦ ሁሉም ይስባል።»

«አንተ ከሃዲ! አንተ...»

«ቀስ በል፤ በደህናው ጆሮዬ በኩል ነው የምትጮኸው» አሉ ራምስደን። «መለኪያው አንድ ነው፤ ባለቤት ነን ባዮቹ ሁለት ናችሁ። በምን እንለይ?»

ጆናስ ያን ጊዜ ማስረጃው ትዝ አለውና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር። «ይጠየቅ። ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ ሦስት ያለው እርከን ለምን አጠረ? ይንገራችሁ።»

ይህን ያላስተዋለ ሽቦ ሳቢ በሸለቆው አልነበረም፤ ደፍሮ የጠየቀም አልነበረም፤ ሁሉም ትልቅ የሙያ ጥበብ እንዳለበት ገምቶ ባለማወቁ እንዳይታማ ዝም ብሎ ኖሯል። ጆናስ አማቹን አየው። የአብነር ዓይን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ጆናስ ትከሻ ሄደና ተመለሰ። ጆናስ «አሁን ያፍራል» አለ በልቡ።

«ብረት አሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይደነድናል» አለ አብነር፤ እየተናገረ የሚያስብ ይመስል ቀስ ብሎ። «ስለዚህ እዚያ ላይ እሳት ሊያይ ይገባዋል። ከእሳት የወጣ ብረት ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ወዲያው ሙሉ እርከን ብትስበው ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በአጭር እርከን የምናለማምደው።»

«አሃ!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ያማረ መልስ ነበር። ለስምንት ዓመት ሲያንገበግባቸው የኖረ ነገር ስለተፈታላቸው ሰዎቹ እርስ በርስ ተጎሻሸሙ፤ አንዱማ «እኔም እንደዚያ ጠርጥሬ ነበር» አለ፤ ምንም የጠረጠረው ነገር አልነበረም።

«ውሸት ነው!» አለ ጆናስ። «እኔ አሥራ ሁለት ላይ እሳት አሳይቼ አላውቅም! ያሳጠርኩት ይህ ትከሻዬ ስለማይችል ነው! ትከሻዬ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ክፋት የነበረበት ሳቅ አይደለም፤ የጎረቤት ሳቅ ነው፤ ስለዚህም የባሰ ነበር።

«ጆናስ፣ የንጉሡን ካፖርት ሁሉ በትከሻህ ነዋ ስንለካ የኖርነው!» አለ አንዱ።

«ጥሩነቱ እግርህ አለመሰበሩ!» አለ ሌላው።

«የሰበረው እርሱ ነው!» አለ ጆናስ ወደ አብነር እየጠቆመ። «ሽቦውን በጥድፊያ ያሰረው እርሱ ነው፤ እኔ ገባሁለት እንጂ!»

ራምስደን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ፣ እዚሁ ቤት ተቀምጠህ፣ እኔው ነኝ በጥድፊያ ያሰርኩት ያልከን?»

ጆናስ ወደ በሩ ዞረ፤ ከሴቶቹ መካከል ታቢታ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ታቢታ የሻርፏን ጫፍ ይዛ መሬት መሬቱን አየች።

ራምስደን አላስረዘሙም፤ በጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡት መካከል ማበጠሪያ ሠሪዎቹ የሚወዱት የአብነር ሰሌዳ መሆኑ ታወቀ፤ በቤቱ የቀረ መለኪያ ደግሞ አይመረጥም። እጅ ወጣ። የሃግዴል መለኪያ የሳትክሊፍ ሆነ።

ባልና ሚስት ወደ ቤታቸው አቀበቱን ሲወጡ ድልድዩ ጋ ደረሱ።

«ሰሌዳውን የጠቀለለባት ጨርቅ የኔ ሸሚዝ ናት» አለ ጆናስ።

ታቢታ ጥቂት ተራመደች። «ብብቷ የተቀደደችው» አለች።

«ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«አንተ መለኪያ ከቤት አይወጣም ትላለህ። የሌላ ሰው ቢመረጥ ቀዳዳህን ሁሉ ደፍነህ እንደ አዲስ ልትበሳ ነበር፤ ልኩ ሙሉ ሆኖ፣ ስበቱ ሙሉ ሆኖ፣ በዚህ ትከሻ። ማን ሊስብልህ? አሁን አንዲት ቀዳዳ አትነካም። ስሙ የአብነር ይሁን፤ ልኩ ያንተው ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሺ አትልማ!»

እውነት ነበር። ጆናስ ኮቱን ሰብስቦ፣ «ስለ ትከሻዬ ስናገርስ? አይተሻል። እዚያ ነበርሽ» አላት።

«እርሱ ወንድሜ፣ አንተ ባሌ። ያለኝ አፍ አንድ ነው፤ ጆናስ። ለማናችሁ ልክፈተው?»

«ለእውነቱ» አለ ጆናስ። ወዲያው ዝናቡ ጀመረ። ሁለቱም ስለ ዝናቡ ምንም አላሉም።

ከዚያ በኋላ ኖሩ፤ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ተሸክሞም ይኖራል፤ ታቢታም ሌሊት ሌሊት ትከሻውን በሞራ ማሸቷን አልተወችም፤ እርሱም ከጀርባው የምትሆነው ፊቷን እንዳያይ መሆኑን ያውቅ ነበር። አብነር በወንዙ ዳር ትልቅ ቤት ሠራ፤ የውሃ መንኮራኩር አቆመ። «ብረት በአሥራ ሁለት ላይ እሳት ይይ» የሚለው ቃሉ የሸለቆው ደንብ ሆነ፤ ጆናስም እንደ ማንኛውም ሽቦ ሳቢ በአሥራ ሁለት ላይ ከሰል እያቃጠለ፣ በራሱ ትከሻ ምክንያት ለተፈጠረው ውሸት እሳት ሲያነድ ኖረ። መለኪያ ከቤት አይወጣም ያለው ሰው በየዓመቱ በኅዳር፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል መለኪያውን በኮቱ ሸሽጎ ወደ አማቹ ቤት ወርዶ ያስመረምራል፤ አብነርም የራሱን ሞረድ ሥራ በራሱ ሥራ እየለካ፣ «ልክ ነው፤ ይሂድ» ይላል።

የፈረንሳይ ጦርነት ካበቃ፣ ታቢታም ከተቀበረች በኋላ፣ ከእነዚያ የማርቲን በዓሎች በአንዱ፣ ጆናስ መለኪያውን ይዞ ሲገባ አብነር ከሊድስ ለመጡ ገዢዎች ስለ አጭሩ እርከን ያስረዳ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሆዱም እንደ ባለጸጋ ሆኗል። ብረቱ እንዴት እንደሚደነድን ለማሳየት እጁን ጨበጠ፣ እንዴት እንደሚለሰልስ ለማሳየት ዘረጋው፤ ገዢዎቹም አድንቀው ወጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ቀሩ።

«አብነር» አለ ጆናስ፤ «አሁን ሰው የለም። ያቺ አሥራ ሦስተኛዋ ለምን እንዳጠረች ንገረኝ።»

«ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አለ አብነር ሳይቆጣ። «ብረቱ ከእሳት ሲወጣ...»

ጆናስ ፊቱን መረመረው፤ ያን ከምት የተረፈ ፊት። ኀፍረት ፈለገ፤ አጣ። ተንኮል ፈለገ፤ እርሱንም አጣ።

«ትከሻዬስ?»

«አሁንም ያምሃል እንዴ?» አለ አብነር፤ ወንበሩንም ራሱ ጎተተለት። «ብርድ ነው እኮ ዛሬ። ና፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በል፤ ወንድሜ።»

ጆናስ ተጠግቶ ተቀመጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ሌባ ነበረው፤ ሌባው ቢያንስ ከማን እንደሰረቀ ያውቅ ነበር። አሁን እርሱንም አጣው። የቀረቡለትን የአጃ ቂጣና አይብ በላ፤ መለኪያው «ልክ ነው፤ ይሂድ» ተባለለት፤ ተነሥቶም ሄደ።

ጆናስ ሆልሮይድ በየትኛው ዓመት እንደሞተ በሃግዴል የሚያስታውስ የለም፤ የአብነር ሳትክሊፍ መቃብር ግን ከጸሎት ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ በድንጋዩም ላይ «ለሸለቆው ልክን የሰጠ» ተብሎ ተቀርጿል። ከሁለቱም ሞት በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለአገሩ ሁሉ አንድ የሽቦ መለኪያ በሕግ ሊደነግግ ሲነሣ፣ ከየአውራጃው አሮጌ መለኪያዎች ተሰበሰቡ፤ ከሃግዴልም የመጣ አንድ ነበር። ሊቃውንቱ በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት መካከል ያለውን አጭር እርከን አይተው ተከራከሩ፤ አንዱ የሞረድ ስሕተት ነው አለ፤ ሌላው የጥንት ባለሙያዎች ስለ ብረትና ስለ እሳት የነበራቸውን ጥልቅ ዕውቀት አመሰገነ። ሁለቱም ቅን ሰዎች ነበሩ። በዚያች እርከን የተለካ ሽቦ የሱፍ ማበጠሪያ ሆኖ፣ ሱፉ ካፖርት ሆኖ፣ ካፖርቱን የለበሱት ወታደሮች ድል አድርገውም ተሸንፈውም አልቀዋል፤ ከእነርሱ መካከል የማንን ትከሻ ቅርጽ ለብሶ እንደዘመተ ያወቀ አንድም አልነበረም።

በመጨረሻም አዲሱ ሕግ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሦስት ያለውን እርከን ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ አወጀ። ወጌሻው ያልቻለውን መንግሥት አቃናው።